«ሰዓቷ ደህና ናት» ያልኩ ዕለት

ይህን ነገር ሚስቴ አታውቀውም። አብረውኝ ያደጉ ጓደኞቼ አያውቁትም። የነፍስ አባቴም አያውቁትም፤ እንዲያውም ከሰው ሁሉ ይልቅ እሳቸው እንዳይሰሙብኝ ነው ስጠነቀቅ የኖርኩት። ሰው ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ ይናገራል፣ ወግ ነው። የበደለው ራሳቸውን የነፍስ አባቱን ሲሆንስ? ለማን ሄዶ ይናገር? እኔ መላ ሳጣ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ ይለመዳል፤ ክፋቱ እሱ ነው። ዛሬ ለእናንተ ልናገር ነው። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ፤ እኔ እንደሆነ መቀመጥ አቅቶኛል፣ አንድ መስመር ጽፌ ተነስቼ ቤቱን እዞራለሁ።

ሲሳይ እባላለሁ። ሰቆጣ ውስጥ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ስልክም እጠግናለሁ፣ ራዲዮም እጠግናለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ዛሬ ሰዓት የሚያሠራ ሰው የት ይገኛል? ልቤ ግን ሰዓት ላይ ነው። ባትሪ የሚጎርሰውን አይደለም የምላችሁ፤ እሱንማ ማንም ይከፍተዋል። በጣት የሚሞላውን፣ ሞላና ጥርስ ያለውን፣ ጀርባውን ሲከፍቱት እንደ ሕፃን እርግብግቢት ትር ትር የሚለውን ነው። እሱን ሳይ ሆዴ ይባባል።

ኢንተርኔት ስልኬ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። ለካ በዓለም ላይ ከፋብሪካ የተለዩ ሰዓት ሠሪዎች አሉ። አንድ ሰው ብቻውን አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እያንዳንዷን ጥርስ በሞረድ እየሳለ፣ በእንጨት እያሸ፣ በዓመት የሚያወጣው በጣት የሚቆጠር ሰዓት ነው። የእያንዳንዱን ቁራጭ ጠርዝ በእጁ ሰያፍ ያደርግና መስተዋት እስኪመስል ይወለውለዋል። የሚገርመው፣ ማንም የማያየውን የውስጡን ጀርባ ሳይቀር ይወለውላል። ለማን ብሎ? እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ካወቅሁ ወዲህ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት ጠላ።

የእነዚህ ሰዎች እጅ የነካውን ሰዓት መሰብሰብ ጀመርኩ። አዲሱን አንድ የሰቆጣ ሰዓት ሠሪ እንኳን ሊገዛው አያልመውም። የሞተውን ግን ይቻላል። ከመርካቶ ደላላ፣ ከደሴ ጡረተኛ፣ ከየትም ከየትም፣ የዛገውን፣ የተሰበረውን፣ ባለቤቱ ምን እንደያዘ የማያውቀውን እያሰስኩ አመጣና ነፍስ እዘራበታለሁ። አንዷ ፊቷ በእጅ የተጻፈ ነበር፤ የጻፈው ሰው ስድስት ቁጥር ላይ ሲደርስ እጁ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ያቺን መንቀጥቀጥ እወዳት ነበር። ሚስቴ ለምለም ሰዓቶቼን በፍላነል ጨርቅ ስጠርግ ስታየኝ «አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ የላክኸው ለእኔ ነው ለእነሱ?» ትለኝ ነበር። እስቅ ነበር። ያኔ ገና መሳቅ እችል ነበር።

መምሬ ኪሮስ የአባቴ የነፍስ አባት ነበሩ፤ አባቴ ሲሞት እኔን ወረሱኝ። ከአምደወርቅ ወጣ ብሎ በእግር የሚደረስበት ገጠር የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቀዳሽ ናቸው። ናቸው አልኩ? ነበሩ። ነበሩ ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከባለቤታቸው ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ የሚጫወቱ፣ ቀልድ የማያጡ ሰው ናቸው። ለጉዳይ ሰቆጣ ሲመጡ ሱቄ በር ላይ ይቆሙና ሰው ሁሉ እየሰማ «ሲሳይ፣ ዘንድሮስ ትጾማለህ ወይስ ሰዓት ስትቆጥር ትውላለህ?» ይሉኛል። ሥራ ያመጣው ሁሉ ይስቅብኛል፤ እኔም ዝቅ ብዬ መስቀላቸውን እሳለማለሁ።

በእሳቸው ደብር ጾም ሲሆን ቅዳሴ የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ሽማግሌውም ሕፃኑም ጠብታ ውኃ ወደ አፉ አያደርስም። ዘጠኝ መሆኑን በምን ያውቁታል? በበጋ በጥላ ነው። አንዱ ደብተራ ከቅጽሩ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ፈልጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የራሱ ጥላ የሚያርፍበት ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያ በገዛ እግሩ፣ ተረከዝ ከአውራ ጣት እያገናኘ ይለካዋል። ፍልሰታ ግን ነሐሴ ላይ ነው የሚውለው። በነሐሴ ያ ደብር ጉም ለብሶ ይውላል፤ ፀሐይ የለ፣ ጥላ የለ። ያኔ የአገሩ ሰው ጾም ሁሉ መምሬ ኪሮስ በጨርቅ ከረጢት አድርገው አንገታቸው ላይ በሚያንጠለጥሏት አንዲት ሰዓት ላይ ይወድቃል። «ስልክስ?» ትሉኝ ይሆናል። መብራት በሌለበት በክረምት ስልክ ምን ይሠራል? መምሬ ደግሞ በቅዳሴ ጊዜ ስልክ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ድርሽ እንዲል አይፈልጉም።

ሰዓቷን የሰጣቸው አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነው። በድርቅ ጊዜ ሕዝቡን ሊረዳ መጥቶ፣ እዚሁ እኛ አገር ያለው ዝቋላ ቆላ ወርዶ ወባ ሲጥለው፣ መምሬ ቤታቸው አስተኝተው አስታመሙት። ሊሄድ ሲል ከእጁ ፈቶ ሰጣቸው። በአስተርጓሚ «የሠራት ወንድሜ ነው። ብቻውን ነው የሚሠራው። በየጠዋቱ ይሙሏት እንጂ ሌላ አትፈልግም» አላቸው። መምሬም በየጠዋቱ ከውዳሴ ማርያም በኋላ ሲሞሏት ኖሩ። አንድ ጊዜ እንኳን አላሳፈረቻቸውም። አገሩ «የመምሬ ሰዓት» ብሎ ይምልባት ነበር።

ከጦርነቱ ጥቂት ዓመት በፊት፣ በአንድ ሰኔ፣ ከረጢቷ ተበጥሳ ደረጃ ላይ ወደቀችና ቆመች። መምሬ ይዘዋት ከአምደወርቅ በሚኒባስ መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ከላይዋ ሳያነሱ «ለፍልሰታ ትድረስልኝ ልጄ። አደራ» አሉኝ። አደራ አሉኝ። ይህችን ቃል ጽፌ ተነስቼ ቤቱን ዞርኩ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ማጉያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ጀርባዋን ከፈትኩ። በማርያም! የማየውን ማመን አቃተኝ። ጠርዙ ሁሉ በእጅ የተወለወለ፣ ብሎኑ እንደ ውኃ ጠብታ የሚያበራ፣ የሠሪው ስም በእጅ በተቀረጸ ፊደል የተጻፈበት። በስልክ ስክሪን ላይ ብቻ ሳየው የኖርኩት ነገር እጄ ላይ ነበር። ብዙ የከፋ ነገርም አላገኛትም፤ አንዲት ቀጭን ዘንግ ነበረች የተሰበረችው። ለእሷ የምትሆን ሌላ ዘንግ መቅረጽ እችል ነበር። እችል ነበር! ችሎታ አንሶኝ አይደለም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ሰበብ ብደረድር እንዳትሰሙኝ።

ሰበቡን ያኔውኑ ደረደርኩት እኮ። መምሬ ምን ያውቃሉ? ዘጠኝ መሆኑን ከነገረቻቸው ውስጧ ምን እንደሆነ ምናቸው ነው? ይህን የመሰለ ሥራ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ላብ ሲጠጣ መኖሩ ግፍ አይደለም? አሁን ከወደቀች ነገም ትወድቃለች። እኔ ጋ ብትሆን ትጠበቃለች። አያችሁ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚሸነግል? ስርቆት እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቄ ነበር። በደንብ አውቄ ነበር።

እንዲህ አደረግሁ። ቤቷንና ፊቷን ተውኩላቸው፤ ፊቷን ያውቁታላ፣ ጠርዟ ላይ ያለውን ጭረት እንኳን ያውቁታል። ውስጧን፣ እኛ ሞተሩ የምንለውን፣ አወጣሁት። በምትኩ ከአንድ የገበያ ሰዓት ሬሳ የነቀልኩትን በእጅ የሚሞላ ሞተር ከተትኩበት። ልክ አልሆነም። ፊቷ ከኋላ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ነበሯት፣ እነሱን ቆረጥኩና በማጣበቂያ ለጠፍኳት። የጠቋሚዎቹን ቀዳዳ በሞረድ አሰፋሁት። ሞተሩ እንዳይቆምብኝ ስለፈራሁ ደግሞ ዘይት አበዛሁበት። ችኮላ ይዞኝ ነበር፤ ሌባ ረጋ ብሎ አይሠራም። ያ የማላውቀው ሰው ማንም የማያየውን ቦታ ሲወለውል የከረመበትን ሰዓት፣ እኔ ማንም የማያየውን ቦታ አበላሸሁት።

መምሬ መጥተው ሲወስዷት ጆሯቸው ላይ አደረጓት። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ፈገግ አሉና ራሴ ላይ መስቀላቸውን አኑረው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። የሰረቀውን እጅ ባረኩት። እኔም አሜን አልኩ። እንዴት አሜን ይባላል?

ያ ፍልሰታ እንደ ልማዱ ጉም ሆኖ ገባ። መብራትም ጠፍቶ ስለነበር ስልክ የሚሠራለት ሰው አልነበረም። የሆነውን ኋላ ራሳቸው መምሬ ነገሩኝ። በየቀኑ ሰዓቷን እያዩ ይቀድሳሉ፣ ዘጠኝ ሲል ቅዳሴ ይወጣል፣ ሕዝቡ ቆርቦ፣ ጠበል ቀምሶ ወደ ቤቱ ይሄድና ይበላል። ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ አንድ ቀን፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ተበትኖ ሲያበቃ፣ ጉሙ ሳይታሰብ ተገለጠና ፀሐይ ወጣች። አንድ ሽማግሌ ደብተራ በልማድ ቆም ብለው ጥላቸውን ለኩ። ጥላው አጭር ነው። እንደገና ለኩ። አጭር ነው። ዘጠኝ አይደለም፤ ስምንትም ገና ነው። የአገሩ ሰው ያን ሁሉ ቀን፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀደመ፣ ጾሙን ሲገድፍ ከርሟል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ። እመጫቶቹ ሳይቀሩ፣ አቅም አጥተው ግድግዳ ተደግፈው ዘጠኝን ይጠብቁ የነበሩት አሮጊቶች ሳይቀሩ።

እናንተ ለዚህ ነገር ቀላል ግምት ልትሰጡ ትችላላችሁ። ምን ሆነ፣ ቀድመው በሉ እንጂ ትላላችሁ። መምሬ ኪሮስ ግን እንደዚያ አላሉም። ለእሳቸው የሰውን ጾም መጠበቅ የሰውን ከብት ከመጠበቅ ይበልጣል። ያለ ሰዓቱ ያቆረቡት እሳቸው ናቸው። በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ፍልሰታ እንደተፈታ ሱቄ መጡ። ዝናብ ነበር፤ ጋቢያቸው ውኃ ሆኗል። ቀልድ የለ፣ ሰላምታም በቅጡ የለ። ከረጢቷን ከአንገታቸው አውልቀው ሰዓቷን ፊቴ አኖሯትና፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስላልሞሏት ቆማ ነበር፣ የሆነውን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፤ «ሲሳይ ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ። ክፈታትና እይልኝ። ሰዓቷ ናት ወይስ እኔ ነኝ?»

ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰካሁ። እሱን ስሰካ ፊታቸውን ማየት አያስፈልገኝም። ጀርባዋን ከፈትኩ። ገና ሳያት አወቅሁ። ያበዛሁት ዘይት ወርዶ ያቺን እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ አጣብቋታል፤ ሞላዋ ስትጣበቅ ሰዓት ይሮጣል። የእኔ ዘይት ነው። የእኔ ሞተር ነው። የእኔ እጅ ነው። መምሬ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ይጠብቃሉ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። «ሰዓቷ ናት» ብል እንኳን ይበቃቸው ነበር! ስርቆቴን ሳልናገር፣ ውሸትም ሳልጨምር፣ ሰዓቷ ናት ብዬ ልገላግላቸው እችል ነበር። ግን «ሰዓቷ ናት» ካልኩ «ምን ሆነች?» ይላሉ፤ «አንተ አይደለህ የሠራሃት?» ይላሉ፤ ሌላ ሰዓት ሠሪ ጋ ይዘዋት ይሄዱ ይሆናል፤ እሱ ከፍቶ ያያል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሴ ውስጥ ሮጠ። በወረንጦ ሞላዋን ቀስ አድርጌ አላቀቅኋት። ዘይቱን በቤንዚን ጠረግሁት። እፊታቸው፣ እያዩኝ፣ ማስረጃውን ጠረግሁት። ከዚያ ክዳኗን ገጥሜ «ሰዓቷ ደህና ናት፣ አባ» አልኩ።

ሰዓቷ ደህና ናት አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ።

«እንግዲያስ እኔ ነኝ» አሉ መምሬ። ቀስ ብለው ሰዓቷን ወደ ከረጢቷ መለሷት። «ዓይኔ ነው እንግዲህ። ወይም አእምሮዬ ነው። እርጅና መጣ ማለት ነው» አሉ። እኔ «ኧረ አባ፣ ምን ሆነው» አልኩ። ማጽናናቴ ነበር! ያቆሰልኩትን ቁስል እፍ እፍ አልኩበት። ከሱቁ ሲወጡ ደፉን ሳያዩት ቀሩና ተደናቀፉ፤ ዘወር ብለው «አየህ?» አሉኝ። ያቺ «አየህ?» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ሕዝቡ ፊት ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። «ጾማችሁን ያስገደፍኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ። ሰዉ አለቀሰ፣ አይሆንም አለ፣ እግራቸው ላይ ወደቀ። እሳቸው ግን «ሰዓት ማየት የማይችል ቄስ መሥዋዕት አያሳርግም» ብለው ከቅዳሴ ተለዩ። ራሳቸው ላይ ቀኖና ጣሉ። ካደጉበት መቅደስ ወጥተው ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆመው ማስቀደስ ጀመሩ። ቅዳሴ በአንድ ቄስ አይቆምምና፣ ያ ደብር ሁለተኛ ቀዳሽ ከሌላ ቦታ እስኪያገኝ ስንት ሰንበት ያለ ቅዳሴ ዋለ። ሰዓቷ ደግሞ፣ ዘይቱን ጠርጌላት የለ፣ ከዚያ በኋላ ደህና ሄደች። ሄዳ ሄዳ መሰከረችባቸው።

አስተምሩኝ እስቲ፣ እንደዚህ ያለ ሰው ምን ይባላል? አደራ በላ ይባላል፤ እሱማ ያንሰኛል። በቃሉ ሰው የገደለስ?

ቅዳሴውን ቢተዉም የነፍስ አባቴ ሆነው ቀሩ። ሌላ ልያዝ ብል የእሳቸው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ «ለምን ልጄ?» ቢሉኝስ? ስለዚህ በየጾሙ እየሄድኩ እፊታቸው እንበረከካለሁ። ተቆጥቻለሁ እላለሁ። ሰው አምቻለሁ እላለሁ። ረቡዕ ጾም ረስቼ በልቻለሁ እላለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኝና ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «ሌላስ?» ይላሉ። «የለም አባ» እላለሁ። ጥቂት ስግደት ያዙኛል፣ እሰግዳለሁ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኛል። የተፈታሁት ግን የትኛው ነው? ያ ያልነገርኳቸው እንደታሰረ ነው።

የሰረቅሁትን ሞተር ደግሞ ደስ ብሎኝ ያየሁት እንዳይመስላችሁ። የተሰበረችውን ዘንግ ቀርጬ ተካሁለት፤ ሄደ። በቆርቆሮ ሣጥን አድርጌ ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩት። አንዳንድ ቀን አውጥቼ እሞላዋለሁ። ፊት የለው፣ ጠቋሚ የለው፣ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ለማንም አይናገርም። ከሌሎቹ ሰዓቶቼ ጋር ላኖረው አልቻልኩም። በጦርነቱ ጊዜ ከከተማ ስንሸሽ ለምለም ዱቄቱን ተሸከመች፣ እኔ ቤት ተመልሼ ያን ቆርቆሮ ይዤ ወጣሁ። «ምንድን ነው?» አለችኝ። «መሣሪያ» አልኳት። ያን ዕለት ከሰዓቶቼ ሁሉ የተዘረፈው ተዘረፈ፤ ስድስት ቁጥሯ የተንቀጠቀጠችውም ሄደች። አላለቀስኩም። ተገላገልኩ ልበል? የተሰረቀው ብቻ እጄ ላይ ቀረ።

ባለፈው ዓመት ጭንቀቱ ሲበዛብኝ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ብልሃት! አሁንም ብልሃት ነበር የምፈልገው እንጂ እውነት አልነበረም። ከአምደወርቅ ወደ መምሬ ቤት ወጣሁና «ሰዓቷን ልጥረግልዎ፣ ቆይታለች» አልኳቸው። «ለምን ትለፋለህ፣ እኔ እንደሆነ ለልማድ ነው የምሞላት» አሉ። ይዣት መጣሁ። የገበያውን ሞተር አወጣሁ፣ የራሷን መለስኩላት። የቆረጥኳቸውን የፊቷን እግሮች መመለስ አልቻልኩም፤ በማጣበቂያው ኖረች። ያሰፋሁትን የጠቋሚዎቹን ቀዳዳ ግን መልሼ አጠበብኩት፤ ሌላው ሁሉ በቦታው ገባ። እንዴት እንደሄደች! ከእሷ ጋር እኔም የዳንኩ መሰለኝ። በቃ፣ መለስኩ፣ ማንም ሳያውቅ አለቀ አልኩ።

ይዤላቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ፀሐይ ሞቅ ብላለች፣ ባለቤታቸው ከጓሮ ጎመን ይቀጥፋሉ። መምሬ ሰዓቷን ተቀብለው ሞሉና ጆሯቸው ላይ አደረጓት። እንደ ያኔው ዝም አሉ። ቆዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ሲሳይ» አሉኝ፣ «ድምጿ እንደ ድሮው ሆነልኝ እኮ። ስንት ዓመት ሙሉ ድምጿ ተለውጦብኝ ነበር። ጆሮዬም ከድቶኝ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ገባችሁ? አውቀው ነበር። ያን ዕለት ሱቄ ውስጥ ጆሯቸው ላይ አድርገው ዝም ያሉት አውቀው ነው። ጆሯቸው እውነቱን ነግሯቸዋል፤ እኔ ግን ጆሯቸውን እንዳያምኑ አደረግኋቸው። ጥላው እውነቱን ነግሯቸዋል፤ እኔ ግን ዓይናቸውን እንዳያምኑ አደረግኋቸው።

መናገሪያዬ ያኔ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ ከፈትኩ። መምሬ ግን መዳፋቸው ላይ ያለችውን ሰዓት ጎንበስ ብለው አዩ፣ ረጅም ጊዜ አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ወደ ጓሮው «እንዲያው ስንት ሰዓት ይሆን?» ብለው ተጣሩ። ባለቤታቸው ከመቀነታቸው ስልክ አውጥተው አዩና ነገሯቸው። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። መዳፋቸው ላይ ያለችው ሰዓት የምትለውም ልክ ያንኑ ነበር። አይተውታል። አላመኑትም። ሰዓቷን አይደለም ያላመኑት፤ ያየውን ዓይን ነው።

ሰዓቷን ጠገንኩ። እሳቸውን ማን ይጠግናቸዋል?

አፌን መልሼ ዘጋሁ። እንጀራ በጎመን አቀረቡልኝ፣ ከሌባ ጋር መሆናቸውን ሳያውቁ «ብላ እንጂ፣ ምነው ከሳህ» አሉኝ፣ በላሁ። በልቼ፣ መስቀል ተሳልሜ ቁልቁለቱን ወረድኩ። እየወረድኩ ራሴን ስሰድብ አንዲት ማገዶ የተሸከመች ሴት ደንግጣ መንገድ ለቀቀችልኝ።

አሁን ሐምሌ እያለቀ ነው። ፍልሰታ ሊገባ ነው። ሰሞኑን እንቅልፍ የለኝም፤ ለምለም «ምን በላህ?» እያለች ታየኛለች። ይህን የምጽፈው ጽፌ ለመገላገል እንዳይመስላችሁ። መምሬ ኪሮስ ይህን አያነቡትም፤ ዓይናቸውን አያምኑትማ። እናንተ ሁላችሁ ብትሰሙኝና ይቅር ብትሉኝ እንኳን እሳቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው ሰዓት እየጠየቁ ነው። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፣ ሰዓት ስለምወድ ነው አልልም። ሰዓት የሚወድ ሰው እንደዚያ አያደርግም። የጻፍኩት ለሌላ ነገር ነው። እናንተ ካወቃችሁ ወደ ኋላ ማለት አልችልም፤ ነገ በሚኒባሱ ውስጥ ተሳፍሬ ሳለ ቢጨንቀኝና ልወርድ ብል፣ ሰው አውቆብሃል፣ ቁጭ በል እንድል ነው።

ነገ እሄዳለሁ። ለምለምን ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፤ የመጀመሪያው ዱላ ከእሷ ይሁን። ያን የገበያ ሞተር በቆርቆሮው ይዤዋለሁ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረዋለሁ፣ በእጃቸው ይዳስሱት። «ድምጿ የተለወጠው እውነት ነው፣ ጆሮዎ ደህና ነበር» እላቸዋለሁ። ቢረግሙኝ እቀበላለሁ። ወደ መቅደሳቸው መመለስ አለመመለሳቸው የእኔ አይደለም፤ ዕድሜያቸውን ያን ያህል በልቼባቸው ይመለሱልኝ የማለት ፊት የለኝም። ሕዝቡ ፊት ቁም ካሉኝም እቆማለሁ፤ እሳቸው ባልሠሩት ተንበርክከውበታል።

ያን ዕለት ሱቄ ውስጥ፣ ጋቢያቸው ውኃ እያንጠባጠበ፣ ሰዓቷ ናት ወይስ እኔ ነኝ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አልመለስኩላቸውም። እስከ ዛሬ መልስ የሰጠኋቸው መስሏቸው ነው የሚኖሩት። ነገ እንበረከክና «ሌላስ?» እስኪሉኝ ሳልጠብቅ እመልስላቸዋለሁ፦ ሰዓቷም አይደለችም አባ፣ እርስዎም አይደሉም። እኔ ነኝ።